ቀኙን ሸፍኑ፤ የአንድ ታካሚ ግራፍ እንዴት ይነበባል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በባልደረቦቼ ፊት አንድ ግራፍ ይዤ ቆምኩ። ሐዋሳ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት፤ ሙቀቱ ለብቻው። ታካሚዬ በስትሮክ ግራ ጎናቸው የደከመ አባት ነበሩ። አሥር ሜትር ለመሄድ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባቸው በየቀጠሮው ለክቼ ነጥብ በነጥብ አስቀምጬዋለሁ። አዲሱን ልምምድ ከጀመርን በኋላ መስመሩ ቁልቁል ወርዷል። በሰከንድ ሲለካ መውረድ ማለት መፍጠን ነው። እውነቱን ለመናገር ጭብጨባ እየጠበቅኩ ነበር።

አንድ ነባር ባልደረባ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ነጥቦች ላይ አጋደመው። ከዚያ ወደ ቀኝ ገፋ አደረገው። እስክሪብቶው ቀጥ ብሎ በኋለኞቹ ነጥቦች መሃል አለፈ። «አንተም ባትኖር እዚሁ ይደርሱ ነበር እኮ» አለኝና እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። በቃ፣ አለቀ።

ስትሮክ በመታ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰውነት በራሱም እንደሚያገግም ማን ያጣዋል? እኔም ተምሬዋለሁ። ግን ግራፉን ሳነብ ዓይኔ የሄደው ወደ ቀኝ ብቻ ነበር፣ ደስ ወደሚለው በኩል። ከዚያ ወዲህ ለራሴ የንባብ ቅደም ተከተል አበጅቻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው ለሚመጡ ተማሪዎችም የምሰጣቸው ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። በአንድ ታካሚ ላይ የሚደረግ ጥናት ስል «አንድ ታካሚ አከምኩ፤ ዳነልኝ» የሚለውን ታሪክ ማለቴ አይደለም። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ደጋግሞ መለካት አለ፤ እሱ መነሻ ምዕራፍ ነው። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም በዚያው መለኪያ ደጋግሞ መለካት አለ፤ እሱ የሕክምና ምዕራፍ ነው። የውጭ መጽሐፎች ኤ እና ቢ ይሏቸዋል። ታካሚው የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ነው። ለኛ ለተሐድሶ ሕክምና ሙያ ይመቻል፤ ምክንያቱም ስትሮክ የመታቸው አርባ ሰዎች አንድ ዓይነት ሆነው አይገኙም። የአንዱ ችግር እጁ ላይ ነው፣ የሌላው ንግግሩ ላይ፣ የሌላዋ ሚዛኗ ላይ።

ሁለት ግራፎች ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የተቀናበሩ ናቸው፤ የማንም ፋይል አይደሉም። ሁለቱም አሥር ሜትር ለመሄድ የፈጀውን ሰከንድ ያሳያሉ። ወረቀት ላይ ነጥቦቹን አስቀምጡ፤ በጭንቅላት ብቻ አይሆንም።

የአባባ፦ መነሻ 38፣ 36፣ 35፣ 33፣ 32፣ 30፤ ሕክምና 29፣ 28፣ 27፣ 25፣ 24፣ 23።

የእማማ፦ መነሻ 31፣ 29፣ 32፣ 30፣ 31፣ 30፤ ሕክምና 29፣ 27፣ 26፣ 26፣ 24፣ 23፣ 23፣ 22።

1. ነጥቦቹን ከማየታችሁ በፊት ጠርዙን አንብቡ

የቆመው መስመር ምን ይለካል? በምን? ወደ ላይ መውጣቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ይህ የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ ግን ስንቱ ይሳሳትበታል። አንዲት እናት ግራፋቸውን ሳሳያቸው «ውይ፣ ወረደ እንዴ?» ብለው ደነገጡብኝ። ከዚያ በኋላ ለታካሚ የማሳየውን ወደ ፍጥነት መቀየር ጀመርኩ፤ ሲሻላቸው ከፍ ይላል።

ቀጥሎ የቆመው መስመር ከየት እንደሚነሳ እዩ። የእማማን ነጥቦች ከ20 እስከ 32 በተሰመረ ወረቀት ላይ ብታስቀምጡ ገደል ይመስላል። ከ0 እስከ 120 በተሰመረው ላይ ብታደርጉት ደግሞ የሐዋሳ መንገድ ነው፣ ሜዳ። ቁጥሩ ያው ነው። ስለዚህ ቅርጹ ሲያስደንቃችሁ ወደ ቁጥሩ ተመለሱ።

የተኛው መስመርም የራሱ ጉድ አለው። ብዙ ጊዜ «ቀጠሮ 1፣ ቀጠሮ 2» እየተባለ እኩል እኩል ይቀመጣል። ሕይወት ግን እኩል እኩል አይደለችም። ከአለታ ወንዶ የሚመጣ ታካሚ በቡና ለቀማ ወቅት ሁለት ሳምንት ይቀራል። ለቅሶ አለ፣ በዓል አለ፣ የትራንስፖርት ብር አለ። በቀጠሮ 7 እና በቀጠሮ 8 መካከል 16 ቀን ካለፈ ግራፉ ያንን ክፍተት ማሳየት አለበት። ካላሳየ ጸሐፊውን ጠይቁ፤ ጸሐፊው እናንተው ከሆናችሁ በቀን አስተካክላችሁ እንደገና ሳሉት።

ደግሞም የመነሻው የመጨረሻ ነጥብ ከሕክምናው የመጀመሪያ ነጥብ ጋር በመስመር መያያዝ የለበትም። በሁለቱ መካከል ቀጥ ያለ የተቆራረጠ መስመር ይቆማል። ኤክሴል በራሱ ያያይዘዋል፤ እናንተ ቁረጡት።

2. ቀኙን በወረቀት ሸፍኑ

ከመመሪያው ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ። አንድ ወረቀት አጥፋችሁ የሕክምናውን ምዕራፍ በሙሉ ሸፍኑት። አሁን የሚታያችሁ መነሻው ብቻ ነው። ራሳችሁን ጠይቁ፦ ምንም ባይደረግ ቀጣዩ ነጥብ የት ያርፋል? ጣታችሁን እዚያ ላይ አድርጉ።

የእማማ ላይ ጣታችሁ 30 አካባቢ ያርፋል። የአባባ ላይ 29 ወይም 28 ላይ። ሸፋኙን አንሱ። አባባ 29 ናቸው። እንግዲህ ምን ተገረማችሁ?

መነሻው ስንት ነጥብ ይኑረው? በአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ሥር የተቋቋመው ዋት ወርክስ ክሊሪንግሃውስ የተባለ የጥናት መገምገሚያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መስፈርት በእያንዳንዱ ምዕራፍ ቢያንስ 5 ነጥብ ይጠይቅ ነበር፤ 3 ወይም 4 ከሆነ በማሳሰቢያ ያልፍ ነበር። መስፈርቱ ለትምህርት ጥናት የወጣ ቢሆንም በተሐድሶ ሕክምናም ይጠቀሙበታል። ከሦስት በታች ከሆነ ግን አቅጣጫ አለ ብሎ መናገር አይቻልም። ሁለት ነጥብ ሁልጊዜም ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል።

«ታካሚው ሕክምና ፈልጎ መጥቶ እኔ ሁለት ሳምንት ስለካ ልቆይ እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። የተለመደውን ሕክምና አትከልክሉ። እየሰጣችሁ ለኩ፤ መነሻው ያ ይሆናል። አዲሱ ነገር ብቻ ይቆይ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በሁለት ነጥብ መነሻ የተጀመረ ጥናት ዕጣው ያ ነው።

3. እስክሪብቶውን አጋድሙ

በዓይን መገመት ካልበቃችሁ፣ ለኔ አይበቃኝም፣ መስመሩን አስልታችሁ አስምሩት። ስልክ እንኳ አያስፈልግም።

የመነሻውን ነጥቦች በቁጥር እኩል ለሁለት ክፈሉ። አባባ ስድስት ነጥብ አላቸው፤ ሦስት ሦስት ይሆናል። በመጀመሪያው ግማሽ 38፣ 36፣ 35 አለ። በመጠን ሲደረደሩ መሃል ያለው 36 ነው። የቀጠሮዎቹ መሃል ደግሞ ቀጠሮ 2። እዚያ ላይ የመስቀል ምልክት አድርጉ። ሁለተኛው ግማሽ 33፣ 32፣ 30 ነው፤ መሃሉ 32፣ ቀጠሮ 5። ሌላ መስቀል። ሁለቱን በማስመሪያ አያይዙና እስከ ወረቀቱ ጫፍ ሳቡት። ከመስመሩ በላይና በታች ያሉት የመነሻ ነጥቦች በቁጥር ካልተመጣጠኑ፣ እስኪመጣጠኑ ድረስ መስመሩን ሳታጣምሙ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት።

በሦስት ቀጠሮ 4 ሰከንድ ወርዷል። ስለዚህ በቀጠሮ 12 መስመሩ 22.7 ገደማ ላይ ይደርሳል። አባባ በቀጠሮ 12 ስንት ናቸው? 23። በቀጠሮ 8 መስመሩ 28 ላይ ነው፤ አባባም 28። ነጥቦቹ መስመሩን ተጠግተው ነው የሚሄዱት። ያ ሐሙስ የሆነው ይኸው ነው።

የእማማን አድርጉት እስቲ። መጀመሪያው ግማሽ መሃሉ 31፣ ሁለተኛው 30። መስመሩ በትንሹ ያዘቀዝቃል፤ በቀጠሮ 14 ሲደርስ 27 ላይ ነው። እማማ ግን 22 ናቸው። ከሕክምናው በኋላ ያሉት ስምንቱም ነጥቦች ከመስመሩ በታች ናቸው። አሁን ወሬ አለ።

ማስጠንቀቂያ፦ መስመር ለዘላለም አይሄድም። የአባባን መስመር ዝም ብላችሁ ብትስቡት በሠላሳኛው ቀጠሮ ከዜሮ በታች ይደርሳል፤ ሳይነሱ ደረሱ ማለት ነው። ሩቅ አትሂዱ።

4. አሁን ግለጡት

ሸፋኙን አንስታችሁ በሁለቱ ምዕራፎች መካከል ምን እንደተለወጠ እዩ። የመጀመሪያው ከፍታ ነው። የእማማ መነሻ አማካይ 30.5 ሰከንድ፣ የሕክምናው 25። አምስት ሰከንድ ተኩል ለውጥ። አማካይ ብቻውን ግን ያታልላል፤ የአባባም አማካይ ከ34 ወደ 26 ወርዷል፣ እንዲያውም ከእማማ ይበልጣል!

ቀጥሎ ፍጥነቱን እዩ፤ ለውጡ ወዲያው መጣ ወይስ ዘገየ? የመነሻውን የመጨረሻ ሦስት ነጥቦች ከሕክምናው የመጀመሪያ ሦስት ጋር አነጻጽሩ። እማማ ላይ 30.3 እና 27.3 ነው፤ ሦስት ሰከንድ። ልብ በሉ፣ ዘግይቶ መምጣት ሁልጊዜ ክፉ ምልክት አይደለም። ቁርጭምጭሚት የሚደግፍ መሣሪያ ያደረገ ሰው በዚያው ደቂቃ አካሄዱ መለወጥ አለበት። ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ «መቼ ልጠብቅ?» የሚለውን ግራፉን ከማየታችሁ በፊት ወስኑ። ካያችሁ በኋላ ከወሰናችሁት ሰበብ ይሆናል።

ሌላው መዋዠቅ ነው። ነጥቦቹ ወዲያና ወዲህ የሚዘሉ ከሆነ ምንም ነገር ማየት ይከብዳል። ግርግር ለሌባ ይመቻል፤ በተንቀጠቀጠ ግራፍ ውስጥ የሚፈልገውን የማያገኝ ሰው የለም። አንዳንዴ ግን መዋዠቁ ራሱ ወሬ ነው። አንድ ቀን 20፣ በማግስቱ 40 ሰከንድ የሚሄድ ሰው በየቀኑ 29 እና 30 መሆን ከጀመረ፣ አማካዩ ባይለወጥም አካሄዱ ተረጋግቷል። መውደቅ ለሚፈራ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

5. መደራረቡን ቁጠሩ፤ ግን አትመኑት

በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ደጋግማችሁ የምታገኙት ቁጥር አለ፤ ያልተደራረቡ ነጥቦች መቶኛ። ስክረግስ፣ ማስትሮፒየሪ እና ካስቶ እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረቡት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከመነሻው ምርጡን ነጥብ ያዙ፤ የእማማ 29 ነው። ከሕክምናው ነጥቦች ከዚያ የተሻሉት ስንት ናቸው? የመጀመሪያው 29 እኩል ስለሆነ አይቆጠርም። ሰባቱ ይሻላሉ። ከ8 ሰባት፣ 87.5 በመቶ። በተለመደው አነጋገር ከ90 በላይ እጅግ ውጤታማ፣ ከ70 እስከ 90 ውጤታማ፣ ከ50 እስከ 70 አጠራጣሪ፣ ከዚያ በታች ውጤት የለውም ይባላል።

አሁን የአባባን ቁጠሩ። ምርጡ መነሻ 30። ስድስቱም የሕክምና ነጥቦች ይሻላሉ። 100 በመቶ! ምንም ያልሠራው ሕክምና ከሠራው በለጠ። ይህ ስሌት አቅጣጫ የሚባል ነገር አያውቅም።

ተቃራኒውም አለ። በእማማ መነሻ ውስጥ አንድ ቀን ስቶፕዎች ዘግይቶ ተነስቶ 21 ሰከንድ ተጻፈ እንበል። ከዚያ በኋላ ከ21 የተሻለ ነጥብ የለም፤ ውጤቱ ዜሮ በመቶ። በአንድ የተንሸራተተ ጣት ሁለት ወር ሥራ ገደል ገባ። እንዲህ ዓይነቱን ነጥብ ግን አታጥፉት። ምን እንደሆነ ከሥሩ ጻፉ። ከዚህ ስሌት በኋላ የመጡ፣ እያንዳንዱን ነጥብ ከእያንዳንዱ ጋር የሚያነጻጽሩ አሉ፤ ታው-ዩ የሚባለው የመነሻውን አቅጣጫም ለማስተካከል ይሞክራል። ብዙ ቁጥር ከያዛችሁ እነሱን ተጠቀሙ።

«ባንድ» (እንደ ቀበቶ ያለ ወሰን) የሚባለውን ዘዴም ታገኛላችሁ። ከመነሻው አማካይ በላይና በታች ሁለት ሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ነጥቦቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካ ቁጥር) ተወስዶ ይሰመራል፤ ሁለት ተከታታይ የሕክምና ነጥቦች ከወጡ ለውጥ አለ ይባላል። የእማማ ባንድ ከ28.4 እስከ 32.6 ነው፤ ከሁለተኛው ነጥብ ጀምሮ ሰባቱም ወጥተዋል። መነሻው ሜዳ ሲሆን ብቻ ተጠቀሙበት። በዚያም ላይ የአንድ ሰው የዛሬ ውጤት የትናንቱን ይመስላል፤ ነጥቦቹ ነጻ አይደሉም፣ ስለዚህ ስሌቱ ከሚገባው በላይ ደፋር ሊሆን ይችላል።

6. ሕክምናው ነው ወይስ ሌላ?

እስካሁን የተናገርነው ለውጥ መኖሩን ነው። ማን አመጣው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ መነሻና አንድ ሕክምና ብቻ ያለው ግራፍ ይህን አይመልስም፤ የእማማም ጭምር። ምናልባት በዚያው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒታቸው ተቀይሮ ይሆናል። ምናልባት ክረምቱ ወጥቶ፣ ጭቃው ደርቆ ደጅ መውጣት ጀምረው ይሆናል።

ከላይ የጠቀስኩት የ2010 መስፈርት ውጤቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ ጊዜ እንዲታይ ይፈልጋል። አንዱ መንገድ ሕክምናውን ሰጥቶ፣ አቁሞ፣ እንደገና መስጠት ነው። ለቁርጭምጭሚት መደገፊያ ይሠራል፤ አድርገው፣ አውልቀው፣ ደግመው ያደርጉታል። ለልምምድ ግን አይሠራም። መራመድ የተማረ ሰው ስላቆምንበት አይረሳም፤ ደግሞስ እንዲረሳ ማን ይፈልጋል? ስለዚህ ልምምዱ ሲቆም መስመሩ ባይመለስ ጥናቱን ቶሎ አትጣሉት፤ መጀመሪያውኑ ዲዛይኑ አልተመረጠለትም።

ለኛ የሚያዋጣው ሦስት ታካሚዎችን በአንድ ቀን መለካት ጀምሮ ሕክምናውን በተለያየ ሳምንት መጀመር ነው። ሦስቱ ግራፎች አንዱ ከአንዱ ሥር ይቀመጣሉ፤ የሕክምናው መጀመሪያ መስመር እንደ ደረጃ ወደ ቀኝ እየሸሸ ይወርዳል። ሲነበብ ከላይ ወደ ታች ነው። የመጀመሪያዋ ስትጀምር ሌሎቹ ሁለቱ ባሉበት ቆዩ? ሁለተኛው ሲጀምር ሦስተኛው ዝም አለ? እንዲህ ከሆነ ነገሩ ሕክምናው ነው ለማለት ደህና መሠረት አላችሁ። ሦስቱም በአንድ ቀን ከተነሱ ግን ሕክምናውን ተዉና ያን ቀን ማን እንደለካ ጠይቁ። የኮሪደሩ ወለል ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

7. ታዲያ ለሰውየው ምን ጠቀመው?

የእማማን ሰከንድ ወደ ፍጥነት እንቀይረው። በመነሻው በሰከንድ 0.33 ሜትር ነበሩ፤ በመጨረሻው ቀጠሮ 0.45። ጃክሊን ፔሪ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1995 ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች በፍጥነት ከፋፍለው ነበር፦ ከ0.4 በታች በአብዛኛው ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ፣ ከ0.4 እስከ 0.8 ደጅ በተወሰነ ደረጃ የሚወጣ፣ ከዚያ በላይ እንደልቡ። እማማ ወሰኑን ተሻግረዋል። ጎረቤት ቡና ይደርሳሉ ማለት ይቻላል። ከመናኸሪያ በኩል አስፋልቱን በባጃጆቹ መሃል መሻገር ግን ገና ነው፤ ቤተሰቡ አደራ አብሯቸው ይሂድ።

ለውጡ ከመለኪያው ስህተት መብለጡንም አረጋግጡ። በእጅ ስቶፕዎች የግማሽ ሰከንድ ልዩነት ለውጥ አይባልም።

8. ሌላ ዓይን ጋብዙ፣ ከዚያ ጻፉ

ዲፕሮስፔሮ እና ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1979 ልምድ ያላቸው አንባቢዎች ለተመሳሳይ ግራፎች የሰጡትን ዳኝነት ሲያወዳድሩ የመስማማት መጠኑ በአማካይ 0.61 ነበር። ባለሙያዎቹ እንዲህ ከሆኑ እኛማ። ስለዚህ የታካሚውንም የሕክምናውንም ስም ከግራፉ አጥፉና ለአንድ ባልደረባ ስጡት። የናንተን አስተያየት አትንገሩት። ቡና ከመጠጣታችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ጻፉ።

ጽሑፉ ረጅም መሆን የለበትም። የእማማን እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «መነሻው በ6 መለኪያ በ29 እና በ32 ሰከንድ መካከል ነበር፤ በጥቂቱ ወደ መሻሻል ያዘነብላል። ሕክምናው ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀጠሮዎች የሦስት ሰከንድ ለውጥ ታይቷል፤ እስከ መጨረሻው ቀጥሏል። ስምንቱም ነጥቦች ከተገመተው መስመር የተሻሉ ናቸው። ጥናቱ የአንድ ሰው፣ የአንድ መነሻና የአንድ ሕክምና ስለሆነ ለውጡን ያመጣው ሕክምናው ነው ለማለት አይበቃም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ተማሪዎች መሰረዝ ይወዳሉ። አትሰርዟት። ባልደረባችሁ ሌላ ነገር ካየ ደግሞ የሁለታችሁንም ንባብ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ታካሚው ፈቃደኛ ከሆኑ ሦስት ቀጠሮ ጨምራችሁ ለኩ።